ፍጹሙ የአደን ጠመንጃ ፍለጋና የዝሆኑ ዕጣ፦ ከ1861 እስከ 1948

(በትምህርት ክፍሉ የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲያመች መጠነኛ ማስተካከያ ተደርጎበታል።)



ለዛሬ የመረጥሁት ጥያቄ ላይ ላዩን ሲያዩት የታሪክ ጥያቄ አይመስልም። «ለአደን ከሁሉ የሚሻለው ጠመንጃ የትኛው ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ወደ ታሪክ መምህር ሳይሆን ወደ አዳኝ ወይም ወደ ጠመንጃ ሠሪ ቢሄድ ይቀናዋል። ሆኖም ይህ ጥያቄ ከአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ እስከ ሃያኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ድረስ ያለማቋረጥ ተጠይቋል፤ በየጊዜውም እርግጠኛ የሆነ መልስ ተሰጥቶበታል። መልሱ ግን ቢያንስ አራት ጊዜ ተለውጧል። ጥያቄው ሳይለወጥ መልሱ ደጋግሞ ከተለወጠ፣ በመካከሉ የተለወጠው ምን እንደሆነ መመርመር የእኛ ሙያ ነው።

የንግግሬ ፍሬ ነገር ይህ ነው። ፍጹም የሚባል የአደን ጠመንጃ ራሱን ችሎ የኖረበት ጊዜ የለም። አንድ ጠመንጃ ፍጹም የሚመስለው ከባሩዱ፣ ከአዳኙ ዕውቀት፣ አዳኙን ተከትለው ከሚሠሩት ሰዎችና ከሕጉ ጋር ተጣምሮ ሲታይ ነው። ከእነዚህ አንዱ ሲለወጥ የትናንቱ ፍጹም መሣሪያ ጎዶሎ ይሆናል። ከዚህም ጋር አንድ ሐቅ አለ፦ ፍለጋው በተሳካ ቁጥር የሚታደነው እንስሳ እየመነመነ ሄዷል። ስለዚህ «የትኛው ጠመንጃ?» የሚለውን ጥያቄ «ስንት እንስሳ? በማን ፈቃድ? ለማን ጥቅም?» ከሚሉት ጥያቄዎች ነጥሎ ማጥናት አይቻልም።

ምሳሌዬን በዝሆን አደን ላይ አድርጌአለሁ። የየብስ እንስሳት ሁሉ ትልቁ ዝሆን በመሆኑ የጠመንጃ ሠሪዎች ክርክር ሁሉ በመጨረሻ እርሱ ላይ ይፈተን ነበር። ከዚህም በላይ የክርክሩ ሜዳ ከተከዜ ቆላ እስከ ጊሎ ወንዝ ድረስ የራሳችንን አገር ይነካል። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካልተለየ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የክብደት ዘመን

በመጀመሪያው ዘመን የተሰጠው መልስ ቀላል ነበር፦ ከባድ አውሬ በከባድ ጥይት ይወድቃል። የዘመኑ የጠመንጃ መለኪያ ራሱ ይህን አስተሳሰብ ይገልጻል። እንግሊዞች የአፈሙዝን ስፋት የሚለኩት ከአንድ ፓውንድ እርሳስ ለዚያ አፈሙዝ የሚሆኑ ስንት ድቡልቡል ጥይቶች እንደሚወጡ በመቁጠር ነበር። ከአንድ ፓውንድ ስምንት ጥይት የሚወጣለት ጠመንጃ «ስምንት ቁጥር» ይባላል፤ አራት ብቻ የሚወጣለት «አራት ቁጥር» ይባላል። ቁጥሩ ሲያንስ ጥይቱ ይተልቃል። የአራት ቁጥር ጠመንጃ አንዱ ጥይት 113 ግራም ያህል ይመዝናል፤ የአፈሙዙም ስፋት ወደ 27 ሚሊ ሜትር ይደርሳል።

ይህን ያህል እርሳስ ለምን አስፈለገ? ምክንያቱ ባሩዱ ነው። ጥቁሩ ባሩድ የቱንም ያህል ቢጨመርበት ጥይትን ከተወሰነ ፍጥነት በላይ ሊወረውር አይችልም። ፍጥነትን መጨመር ያልቻለ ሠሪ ኃይልን ለመጨመር የቀረው አንድ መንገድ ክብደትን መጨመር ነበር። ስለዚህ የዘመኑ ግዙፍ ጠመንጃ ሠሪዎቹ ወደውት የመረጡት ሳይሆን የባሩዱ ወሰን ያስገደዳቸው ውጤት ነው።

የዚህ ዘመን ዋና ምስክር ሳሙኤል ቤከር ነው። ቤከር በ1861 እና በ1862 በአትባራ፣ በሰቲት፣ ማለት በእኛ ተከዜ፣ እና በአንገረብ ወንዞች አካባቢ ተጉዟል፤ የጉዞውን መጽሐፍም በ1867 አሳትሟል። ከያዛቸው መሣሪያዎች አንዱ ግማሽ ፓውንድ፣ ማለት 227 ግራም ያህል የሚመዝን፣ ፈንጂ ጥይት የሚተኩስ ጠመንጃ ነበር። ጠመንጃው ራሱ ወደ ዘጠኝ ኪሎ ግራም ይመዝን ስለነበር አብረውት የነበሩት ዓረቦች «የመድፍ ልጅ» ብለው ሰይመውታል። ቤከር በጉልበቱና በቁመናው የታወቀ ሰው ሲሆን፣ ያም ሆኖ የዚህን ጠመንጃ ርግጫ እጅግ ይፈራ እንደነበር ራሱ ጽፏል። መሣሪያው ዝሆኑን ይጥላል፤ ተኳሹንም ያንገላታል።

ከእርሱ ቀጥሎ የመጣው ፍሬድሪክ ሴሉስ በ1871 ገና የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጣት ሳለ ደቡብ አፍሪካ ደረሰ። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ያደነው በአፈሙዛቸው በሚጎርሱ ተራ የአራት ቁጥር ጠመንጃዎች ነበር። ባሩዱን በወገቡ ከታጠቀው የቆዳ ከረጢት በእጁ እየዘገነ ይጨምር ስለነበር፣ መጠኑ ከአንዱ ተኩስ ወደ ሌላው ይለያይ ነበር። በእነዚህ ጠመንጃዎች በሦስት ዓመት ውስጥ ከሰባ በላይ ዝሆኖች ገድሏል። ነገር ግን ርግጫቸው ነርቩን እንደጎዳውና ዕድሜ ልኩን በአተኳኮሱ ላይ ተጽዕኖ እንዳሳደረበት በኋላ በምሬት ጽፏል። አቅሙ ሲፈቅድ ያደረገው የመጀመሪያ ነገር እነዚህን ጠመንጃዎች ትቶ ከኋላ የሚጎርስ፣ ጠባብ አፈሙዝ ያለው መሣሪያ መያዝ ነው።

እዚህ ላይ ቤከር በሰቲት ዳር ስላየው ሌላ ነገር ላንሳ፤ ወደ ኋላ ስለምመለስበት ልብ በሉልኝ። የሐምራን ዓረቦች ዝሆንን የሚያድኑት በጠመንጃ አልነበረም። ሦስት ወይም አራት ፈረሰኞች ተባብረው አንዱ ዝሆኑን ፊት ለፊት እየተፈታተነ ያስሮጠዋል፤ ሌላው ከኋላ ደርሶ ከፈረሱ ይወርድና በሁለት እጁ በያዘው ሰይፍ የዝሆኑን ቋንጃ ይቆርጣል። ዝሆን በሦስት እግሩ መሮጥ ስለማይችል በዚያው ይቆማል። እነዚህ ሰዎች ግማሽ ፓውንድ እርሳስ አላስፈለጋቸውም። ያስፈለጋቸው የእንስሳውን አካል ማወቅና እርስ በርስ መተማመን ነበር። ቤከር ይህን በአድናቆት መዝግቦታል፤ የጠመንጃ ሠሪዎች ክርክር ግን ከዚህ ምስክርነት ለረጅም ጊዜ ምንም አልተማረም።

የፍጥነት ዘመን

ሁለተኛው መልስ የመጣው ከአዳኞች መንደር ሳይሆን ከኬሚስት ቤተ ሙከራ ነው። ፈረንሳዊው ፖል ቪዬይ በ1884 ጭስ አልባውን ባሩድ ሠራ። የፈረንሳይ ጦርም በ1886 በዚህ ባሩድ የሚተኩስ ባለ 8 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ ታጠቀ። ይህ የሌቤል ጠመንጃ ነው፤ በአገራችን አፍ «ለበን» የተባለው እርሱ ነው። ቀደም ሲል በ1874 የወጣው ባለ 11 ሚሊ ሜትሩ የግራ ጠመንጃ ጥይቱን በሰከንድ 450 ሜትር ገደማ ሲወረውር፣ አዲሱ ከ600 ሜትር በላይ ወረወረ። ጭሱ ስለጠፋ ተኳሹ ከመጀመሪያው ተኩስ በኋላ ዒላማውን ማየት ቻለ፤ ጥይቱ ስለቀጠነ ቀለሁ ቀለለ፤ አንድ ሰው ብዙ ጥይት ለመሸከም በቃ።

ፍጥነቱ ግን አዲስ ችግር አመጣ። ልጡ እርሳስ በዚህ ፍጥነት ሲወረወር ቅርጹን ያጣል። ስለዚህ እርሳሱን በጠንካራ ብረታ ብረት ልባስ መሸፈን አስፈለገ። በሙሉ የተለበሰ ጥይት አጥንት ሲመታ ሳይጨፈለቅ መንገዱን ይዞ ያልፋል። ይህ ለዝሆን አደን ወሳኝ ነበር፤ ምክንያቱም የዝሆን አንጎል የተቀመጠው ከራስ ቅሉ በስተኋላ ሲሆን፣ ከፊት ለፊቱ እንደ ማር እንጀራ በቀዳዳ የተሞላ ወፍራም አጥንት አለ። ልጥ እርሳስ በዚያ አጥንት ውስጥ ኃይሉን ጨርሶ ይቀራል።

የለንደን ጠመንጃ ሠሪዎች ሁለቱን መልሶች ለማዋሐድ ሞከሩ። በ1898 የሪግቢ ቤት 31 ግራም የሚመዝን ጥይት በሰከንድ 655 ሜትር ገደማ የሚወረውር ባለ 0.450 ኢንች ጭስ አልባ ጠመንጃ አወጣ። በአብዛኛው ሁለት አፈሙዝ ጎን ለጎን ያለው፣ ሁለት ቃታ ያለው መሣሪያ ነበር። አንዱ ቢከሽፍ ሌላው ይተኩሳል፤ ሁለተኛውን ጥይት ለመተኮስ ጣት ከማዛወር በቀር ሌላ ሥራ የለም። የቤከርን «የመድፍ ልጅ» ግማሽ ያህል ብቻ እየመዘነ ሥራውን በተሻለ ሁኔታ ይሠራል። ብዙዎች በዚህ ጊዜ ፍለጋው ያበቃ መስሏቸው ነበር።

ሕግ ጠመንጃን ሲቀርጽ

ፍለጋውን እንደገና የከፈተው የቅኝ ገዢዎች ሥጋት ነው። የእንግሊዝ መንግሥት ለወታደሮቹ ያስታጥቀው የነበረው የማርቲኒ ሄንሪ ጠመንጃ አፈሙዝ 0.450 ኢንች ነበር። በሕንድና በሱዳን ብዙ እንዲህ ያለ ጠመንጃ በነዋሪው እጅ ገብቶ ስለነበር፣ ለአደን ተብሎ የሚገባው ጥይት ለዐመፅ ይውላል የሚል ፍርሃት አደረ። ስለዚህ መንግሥት በ1907 ይህ የአፈሙዝ ስፋት ያለው መሣሪያ ወደ ሁለቱ አገሮች እንዳይገባ ከለከለ። የለንደን ሠሪዎች የሕጉን ቃል አክብረው መንፈሱን በአንድ ዓመት ውስጥ አለፉት። 0.465፣ 0.470፣ 0.475 የሚሉ አዳዲስ ስፋቶች ገበያውን ሞሉት።

ከእነዚህ ውስጥ ባለ 0.470ው እስከ ዛሬ ድረስ «የጥንት አፍሪካ አዳኝ ጠመንጃ» ተብሎ በናፍቆት ይወሳል። አንድ ተማሪ ይህ ስፋት ለምን እንደተመረጠ ቢጠይቅ፣ መልሱ በዝሆን አካል ወይም በብረት ባሕርይ ውስጥ አይገኝም። መልሱ ያለው በቅኝ አገዛዝ የጸጥታ ፖሊሲ ውስጥ ነው። ከዚያ አስቀድሞም በ1890 የተፈረመው የብራስልስ ስምምነት ከሰሜን ኬክሮስ 20 እስከ ደቡብ ኬክሮስ 22 ዲግሪ ባለው የአፍሪካ ክፍል ውስጥ የዘመናዊ ጠመንጃ ንግድን ገድቦ ነበር። ስለዚህ በዚያ ዘመን የተጻፉ መጻሕፍት ፍጹሙ ጠመንጃ ይህ ነው ሲሉን፣ እንዲይዘው የተፈቀደለት ማን እንደነበር አብረን መጠየቅ ይገባናል።

የዕውቀት ዘመን

ሦስተኛውን መልስ የሰጠው ስኮትላንዳዊው ዋልተር ቤል ነው። ቤል በዛሬዋ ሰሜን ምሥራቅ ኡጋንዳ በካራሞጃ ለረጅም ጊዜ በማደኑ «ካራሞጆ» የሚል ቅጽል ተሰጥቶታል። በምዕራብ ኢትዮጵያም በጊሎ ወንዝ አካባቢ አድኗል፤ በ1923 ባሳተመው መጽሐፉ ስለዚያ ጉዞ አንድ ምዕራፍ ጽፏል። ቤል በሕይወቱ የገደላቸው ዝሆኖች 1011 እንደሆኑ ይነገራል። ከእነዚህም ከ800 በላይ የሚሆኑትን የገደለው ዘመነኞቹ ለአጋዘን እንጂ ለዝሆን አይሆንም በሚሉት ባለ 7 ሚሊ ሜትር የማውዘር ጠመንጃ ነው። ጥይቱ 11 ግራም ገደማ ነው። ከሴሉስ የአራት ቁጥር ጥይት አንድ አሥረኛ ማለት ነው።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? ቤል የዝሆን ራስ ቅል በመጋዝ ለሁለት ሰንጥቆ አንጎሉ የት እንደተቀመጠ አጠና። እንስሳው ፊት ለፊት ሲቆም፣ በጎኑ ሲታይ፣ ከኋላ በሰያፍ ሲታይ ጥይቱ በየት በኩል ቢገባ አንጎሉን እንደሚያገኝ ለየ። ረጅምና ቀጭን፣ በሙሉ የተለበሰ ጥይት መንገዱን ስለማይስት፣ ቦታው እስከታወቀ ድረስ ክብደት አያስፈልግም። ጠመንጃው አምስት ጎራሽ ነው፤ ርግጫው ቀላል ስለሆነ ተኳሹ አይሸማቀቅም፤ ክብደቱም ከአራት ኪሎ ያነሰ በመሆኑ አዳኙ ራሱ ይሸከመዋል። ከባዱን ጠመንጃ ግን ጠመንጃ ተሸካሚው፣ በእኛ አባባል ጋሻ ጃግሬው፣ ይይዘውና በመጨረሻዋ ደቂቃ ያቀብላል።

አሁን ወደ ሐምራን ፈረሰኞች እንመለስ። ቤል ያገኘው መልስ ከእነርሱ መልስ ጋር በመሠረቱ አንድ ነው፦ የት እንደሚመታ ያወቀ በትንሽ መሣሪያ ብዙ ይሠራል። ልዩነቱ የሐምራን አዳኝ ሕይወቱን አስይዞ በዓመት ጥቂት ዝሆን ሲጥል፣ ቤል በአንድ ቀን ብዙ መጣል መቻሉ ነው። ዕውቀቱ ተመሳሳይ ቢሆንም የሚያስከትለው ጥፋት መጠን ግን በእጅጉ ይለያያል።

የቴይለር ቀመር

የቤል ምሳሌ ሁሉንም አላሳመነም። አየርላንዳዊው ጆን ቴይለር፣ በአብዛኛው በሞዛምቢክ ያደነና ብዙ ጊዜ ያለ ፈቃድ ማደኑን ያልደበቀ ሰው፣ በ1948 ስለ አፍሪካ የአደን ጠመንጃዎች ባሳተመው መጽሐፍ አንድ ቀመር አቀረበ። የጥይቱን ክብደት በግሬን፣ ፍጥነቱን በጫማ በሰከንድ፣ ስፋቱን በኢንች ይወስድና ሦስቱን አባዝቶ ለ7000 ያካፍላል። ውጤቱ፣ እንደ ቴይለር አባባል፣ ጥይቱ የዝሆንን ራስ መትቶ አንጎሉን በጥቂቱ ቢስት እንኳ እንስሳውን አደንዝዞ የመጣል አቅሙን ያሳያል።

ቀመሩን በሁለቱ ጠመንጃዎች ላይ እንሞክረው። ባለ 0.450ው፦ 480 ሲባዛ በ2150፣ ሲባዛ በ0.458፣ ሲካፈል ለ7000፤ ወደ 67 ይሰጣል። የቤል ባለ 7 ሚሊ ሜትር፦ 173 ሲባዛ በ2300፣ ሲባዛ በ0.284፣ ሲካፈል ለ7000፤ 16 ይሰጣል። በዚህ ሒሳብ የቤል ጠመንጃ የሌላውን ሩብ እንኳ አይሞላም። ነገር ግን ከ800 በላይ ዝሆን ጥሏል። ታዲያ ቀመሩ ስሕተት ነውን?

አይደለም፤ ሁለቱ ሰዎች የሚመልሱት ጥያቄ የተለያየ ነው። ቤል የሚመልሰው «ጥይቱ በትክክል ቢያርፍ ምን ያህል መሣሪያ ይበቃል?» የሚለውን ነው። ቴይለር የሚመልሰው «ጥይቱ በትክክል ባያርፍስ?» የሚለውን ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ የባለሙያ ጥያቄ ሲሆን፣ ሁለተኛው የሁሉም ሰው ጥያቄ ነው። ሕግ አውጪዎች ያደመጡት ሁለተኛውን ነው። በበርካታ የአፍሪካ አገሮች አደገኛ አውሬ የሚያድን ሰው ከ0.375 ኢንች ያላነሰ ጠመንጃ እንዲይዝ ተደነገገ። ይህ ስፋት በ1912 በሆላንድ ኤንድ ሆላንድ ቤት የወጣ ሲሆን፣ በቴይለር ቀመር 41 ያህል ያገኛል፤ ከሁለቱ መካከል መሆኑ ነው። አራተኛው መልስ ይህ ነው፦ ፍጹሙ ጠመንጃ ሕግ መካከለኛውን ሰው አስቦ የሚወስነው ዝቅተኛ ወሰን ሆነ።

በእኛ አገር

በአገራችን ታሪክ ውስጥ ይህ ክርክር በሌላ መልክ ይታያል። ለረጅም ዘመን የጦርና የአደን ጠመንጃ የሚል ልዩነት አልነበረም። ነፍጥ አንድ ነው፤ በዘመቻ ጠላትን፣ በቆላ ዝሆንን ይመታል። የጠመንጃዎቹ ስሞች ራሳቸው የጦር ግምጃ ቤቶች ታሪክ ናቸው፦ «ሰናድር» ከእንግሊዙ ስናይደር፣ «ውጅግራ» ከፈረንሳዩ ፉዚል ግራ የመጡ ናቸው። ለአዳኙ ከሁሉ የሚሻለው ጠመንጃ በእጁ የገባው ጠመንጃ ነበር። ውጅግራ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ፣ በጥቁር ባሩድ 25 ግራም ልጥ እርሳስ የሚተኩስ መሣሪያ ነው። እንዲህ ባለ ጠመንጃ ዝሆንን መጣል ለአንድ ሰው ከባድ በመሆኑ፣ ብዙ ተኳሾች ሆኖ በአንድነት መተኮስ የተለመደ ነበር። የመሣሪያው ጉድለት በሰው ብዛት ይሞላል።

ዝሆን የጣለ ሰው ክብር ነበረው፤ አንበሳ የገደለ ጎፈር እንደሚያደርግ ሁሉ ዝሆን ገዳይም የወርቅ ሎቲ ያደርግ ነበር። ነገር ግን ክብሩ ብቻውን የአደኑን መጠን አይገልጽም። በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ የዝሆን ጥርስ ከወርቅና ከዝባድ ጋር ከአገሪቱ ዋና ዋና ወጪ ሸቀጦች አንዱ ነበር። ጠመንጃ ይዘው ወደ ሸዋ የሚመጡ ነጋዴዎች፣ በ1887 ወደ 2000 ገደማ ጠመንጃ ያመጣው ባለቅኔው አርቱር ራምቦ ጭምር፣ በዚህ የንግድ ሥርዓት ውስጥ የገቡ ናቸው። ጠመንጃው ዝሆኑን ይጥላል፤ የዝሆኑም ጥርስ ሌላ ጠመንጃ ይገዛል። ይህ ዑደት የአገርን ነጻነት ለመጠበቅ ባስቻለው ትጥቅ ውስጥ ድርሻ አለው። ይህን ስናይ መልሱ ቀላል የማይሆን ጥያቄ ይገጥመናል፤ ተማሪዎቼ በቸልታ እንዳያልፉት አደራ እላለሁ።

አጼ ምኒልክ በ1909 ገደማ አደንን፣ በተለይም የዝሆን አደንን፣ የሚገድብ ደንብ ማውጣታቸው የአገራችን የዱር እንስሳት ሕግ መነሻ ተደርጎ ይጠቀሳል። በጠመንጃ ብዛት አገራቸውን ያስከበሩት ንጉሥ የጠመንጃን ብዛት በዱር ላይ መገደብ እንዳስፈለጋቸው ልብ ይሏል። በ1944 አዋጅ ቁጥር 61 ተከተለ፤ በ1970 ደግሞ የባቢሌ የዝሆን መጠለያ ተቋቋመ።

«ፍጹም» የሚለው ቃል በአገሩ መልክዐ ምድር ጭምር እንደሚወሰን የሚያሳይ አንድ ምሳሌ ልጨምር። ደጋ አጋዘን የምንለው፣ በአርሲና በባሌ ተራሮች የሚገኘው እንስሳ፣ ለሳይንስ የታወቀው በ1908 አይቮር ባክስተን የተባለ እንግሊዛዊ በገደለው ናሙና ሲሆን፣ በ1910 በሪቻርድ ላይዴከር ተገልጿል። ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ በአስታ ቁጥቋጦ መካከል የሚኖር ንቁ እንስሳ ነው። ዝሆን በሃያና በሠላሳ ሜትር ርቀት ይታደናል፤ ደጋ አጋዘንን ግን ገደል ተሻግሮ መምታት ሊያስፈልግ ይችላል። ለአንዱ የተሠራው ከባድ ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ ለሌላው ከንቱ ሸክም ነው።

ምንጮቹ የማይነግሩን

ወደ ማጠቃለያው ከመሄዴ በፊት ስለ ምንጮቻችን አንድ ነገር ልበል። ይህ ታሪክ በሙሉ ማለት ይቻላል የተጻፈው በአዳኞች እጅ ነው፤ ያውም በሕይወት ተርፈው ለመጻፍ በበቁት። ይህ ሦስት ክፍተቶችን ይፈጥራል።

አንደኛው ክፍተት የሞቱት አዳኞች ነው። ጠመንጃው የከዳው ሰው ስለ ጠመንጃው መጽሐፍ አልጻፈም። ስለዚህ የትኛውም መሣሪያ ከእውነተኛ ማንነቱ ይልቅ የተሻለ መስሎ ይቀርብልናል።

ሁለተኛው ክፍተት ዱካ ተከታዮቹ ናቸው። በደረቅ መሬት ላይ የዝሆንን ኮቴ ለሰዓታት ተከትለው፣ ነፋሱን አይተው፣ አዳኙን በሃያ ሜትር ርቀት ያቆሙት የካራሞጃ፣ የጊሎና የሞዛምቢክ ሰዎች ስማቸው አልፎ አልፎ ብቻ ይነሣል። በሃያ ሜትር የተተኮሰ ጥይት ትክክለኛነት የጠመንጃው ብቻ ሥራ አይደለም። የቤል 7 ሚሊ ሜትር ያለ እነዚህ ሰዎች ዓይን ምን ያህል ትሠራ ነበር?

ሦስተኛውና ከሁሉም የሚከብደው ክፍተት የቆሰሉት እንስሳት ናቸው። አዳኞቹ ሁሉ፣ ከቤከር እስከ ቴይለር፣ በአንድ ነገር ይስማማሉ፦ ጥሩ ጠመንጃ እንስሳውን ሳያሠቃይ የሚጥል ነው። ይህ መለኪያ ትክክለኛ ነው፤ እኔም የተሻለ አላውቅም። ነገር ግን በዚህ መለኪያ ለመፍረድ የሚያስፈልገው ቁጥር የወደቁት ብዛት ሳይሆን ቆስለው ያመለጡት ብዛት ነው። 1011 የሚለው ቁጥር የወደቁትን ይቆጥራል። ሴሉስ ከሰባ በላይ ሲል የወደቁትን ይቆጥራል። በጫካ ውስጥ ቆስሎ ለቀናት የተንከራተተው ዝሆን ጥርሱ ለገበያ ስላልቀረበ በነጋዴው መዝገብ የለም፤ በአዳኙም መጽሐፍ ብዙ ጊዜ የለም። ፍጹሙን ጠመንጃ ለመለየት የሚያስችለው ዋናው ማስረጃ ከመጀመሪያውኑ ያልተጻፈው ነው። የምርምር ዘዴ ትምህርት ላይ «ዝምታም ምንጭ ነው» ስንል ይህን የመሰለውን ነው።

ማጠቃለያ

የመቶ ዓመቱን ፍለጋ ጠቅለል አድርገን ስናየው፣ ሠሪዎቹ የተጠየቁትን ሠርተዋል። ከዘጠኝ ኪሎ ወደ አራት ኪሎ፣ ከአንድ ጎራሽ ወደ አምስት ጎራሽ፣ ከጭስ ወደ ጥራት ተሸጋግረዋል። እያንዳንዱ እርምጃ ተኳሹን ከሥቃይ፣ እንስሳውንም በብዙ ሁኔታ ከረጅም ሞት አድኗል። ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን እያንዳንዱ እርምጃ አንድ የተፈጥሮ ወሰንም አንሥቷል። የቤከር ጠመንጃ ርግጫ በቀን ውስጥ የሚተኮሰውን ጥይት ይገድብ ነበር። የሴሉስ ባሩድ ጭስ ሁለተኛውን ተኩስ ያዘገይ ነበር። የሐምራን ሰይፍ ለፈሪ ሰው አይሆንም ነበር። እነዚህ ወሰኖች ማንም ያላወጃቸው የእንስሳቱ ጠባቂዎች ነበሩ። መሣሪያው ሲሻሻል ወሰኑ ተነሣ፤ በቦታውም ሌላ ወሰን መተካት አስፈለገ።

በ1900 በለንደን የቅኝ ገዢ መንግሥታት ተሰብስበው ከአምስት ኪሎ ያነሰ ጥርስ ያለውን ዝሆን መግደል የሚከለክል ስምምነት ፈረሙ፤ ሁሉም ስላላጸደቁት ሥራ ላይ አልዋለም። ዓለም አቀፉ የዝሆን ጥርስ ንግድ እገዳ የተወሰነው በ1989 ነው። ጭስ አልባው ባሩድ ከተሠራ ከ105 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። የመሣሪያው መሻሻል ሁለትና ሦስት ዓመት ሲወስድ የሕጉ መሻሻል አንድ ምዕተ ዓመት ፈጀ። በመካከሉ ያለው ርቀት በዝሆን ተከፍሏል። በአገራችንም መጋቢት 11 ቀን 2007 ዓ.ም. ለዓመታት ከሕገ ወጥ አዘዋዋሪዎች የተያዘ 6.1 ቶን የዝሆን ጥርስ በአዲስ አበባ በእሳት ሲቃጠል፣ ከዚያ ሒሳብ ጥቂቱን በዓይናችን አይተናል።

ስለዚህ ከመካከላችሁ አንዱ ነገ «ለአደን ከሁሉ የሚሻለው ጠመንጃ የትኛው ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ የታሪክ ተማሪ እንደመሆኑ ሦስት ነገሮችን መልሶ እንዲጠይቅ እመክራለሁ። ጥይቱ በትክክል ባያርፍ ምን ይሆናል? አዳኙን እስከ ዒላማው ያደረሰው ማን ነው? «ይበቃል» የሚለውስ ማን ነው? የመጀመሪያውን ጥያቄ ቴይለር ጠይቆታል፤ ሁለተኛውን ብዙዎች አልጠየቁትም። ሦስተኛው ግን ጠመንጃ ሠሪም ሆነ ተኳሽ ብቻውን ሊመልሰው የማይችል፣ የማኅበረሰብ ጥያቄ ነው።

 አሁን ጥያቄዎቻችሁን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።